ታማኝ የሚለው ቃልና ፊታውራሪ ገብርዬ

«አምነ» የተባለው የግእዝ ግስ የብዙ ሴማውያን ልሳናት የጋራ ርስት ነው፤ በዕብራይስጥ ጽናትንና መደላደልን፣ በዐረብኛም ከሥጋት መዳንን ያመለክታል፤ ምኩራብም ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ጸሎታቸውን የሚያትሙበት «አሜን» ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው። ሰው «አምናለሁ» ብሎ ስለ ልቡ ከመናገሩ አስቀድሞ ቃሉ ይናገር የነበረው ስለማይነቃነቅ ነገር መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። ግእዝም ከዚህ ሥር እውነትን «አማን»፣ የተረጋገጠውን ነገር «እሙን»፣ የቤተ ክርስቲያንንም ልጅ «ምእመን» ብሎ ሰየመ፤ «ሃይማኖት» እንኳ በአራማይክ በኩል ዞሮ የገባልን የዚሁ ሥር ፍሬ ነው። ከእርሱ ጋራ አንድ የሆነው «መሃይምን» በግእዝ አማኝ ማለት ሲሆን፣ ካህናቱ ሕዝባዊውን ካልተማረው ጋራ አንድ አድርገው ሲጠሩበት ኖረው፣ በአማርኛ «መሃይም» ሆኖ ፊደል ያልቈጠረ ሰው መጠሪያ ሆኗል፤ የአማኝ ስም ተዋርዶ የነቀፌታ ስም ሆኖ መቅረቱ ቋንቋውን ለሚወድ ሰው እጅግ የሚያሳዝን ነው።

በሸንጎ ፊትም ቃሉ የራሱ ሥራ ነበረው። ተከሳሽ የተከሰሰበትን ነገር እውነት ነው ካለ «አመነ»፣ ሐሰት ነው ካለ «ካደ» ይባላል፤ ያመነ ሰው በራሱ ላይ የሚፈርድ ቃል ከአፉ አውጥቶ ያንኑ እንደያዘ ይቆማልና፣ ማመን ማለት ጉዳት እያመጣም ቢሆን ከእውነቱ አለመሸሽ ማለት ነበር። «ካደ» የሚለውም ቃል በሃይማኖትም በዕዳም በወዳጅነትም ላይ እኩል ይነገራል፤ ሃይማኖቱን የለወጠ፣ የተበደረውን የደበቀ፣ ጌታውን ጥሎ ከጠላት ጋራ የዋለ፣ ሦስቱም በአንድ ግስ ይወቀሳሉ።

ከሁሉ ይልቅ ግን ሊስተዋል የሚገባው የቃሉ አገባብ ነው። «አማኝ» ከአድራጊው ግስ ከ«አመነ»፣ «ታማኝ» ግን ከተደራጊው ከ«ታመነ» ይወጣል፤ አማኝ የሚያምን ሲሆን ታማኝ የሚታመን ነው። ስለዚህ ታማኝነት ሰው ለራሱ የሚሰጠው ማዕርግ አይደለም፤ ሌላው አይቶና መርምሮ ይሰጠዋል እንጂ። «እኔ ታማኝ ነኝ» እያለ የሚምል ሰው ባገራችን ይበልጥ የሚጠረጠረውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ጌታና ሎሌ የሚተሳሰሩበት የቀድሞው ሥርዓት ለዚህ ማስረጃ ነው፤ ሎሌ ጌታውን ትቶ የተሻለ ጌታ ፍለጋ ቢሄድ እምብዛም የማያስነውረው ሆኖ ሳለ፣ በጭንቅ ቀን ሳይሄድ የቀረው ግን ስሙ ከጌታው ስም ጋራ ይነሣ ነበር።

ይህን ሁሉ በተግባር ያሳየን የዐፄ ቴዎድሮስ የመጨረሻ ዘመን ነው። በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ንጉሠ ነገሥቱን የቀቡት አቡነ ሰላማ ነበሩ፤ መሐላን የሚያጸና ከመሐላም የሚፈታ የግዝት ሥልጣን በጳጳሱ እጅ ነበረና፣ በኋላ ንጉሡ ጳጳሱን መቅደላ አስረው ሲያስቀምጡ መኳንንቱን በፈሪሃ እግዚአብሔር የሚያስሩበትን ገመድ ራሳቸው ቈረጡት ማለት ይቻላል። ምኒልክ በሰኔ 1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገቡ፤ ዋግሹም ጎበዜ በላስታ ሸፈቱ፤ አስቀድሞ በብዙ ዐሥር ሺሕ ይቈጠር የነበረው ሠራዊት እየከዳ ጥቂት ሺሕ ብቻ ቀረ። አቡነ ሰላማም በጥቅምት 1860 ዓ.ም. እዚያው በእስር ሞቱ። በዚሁ ዓመት መግቢያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖል የተባለውን ከባድ መድፍ በገደልና በሸለቆ እያስጎተቱ ስድስት ወር ያህል ወደ መቅደላ ተጓዙ። በዐቢይ ጾም ስድስተኛው እሑድ፣ ስለ በጎና ስለ ታማኝ አገልጋይ በሚሰበክበት በገብር ኄር ዕለት፣ ከንጉሡ ጋራ የቀረው ከዚያ መንገድ ያልሸሸ ሰው ብቻ ነበር። ከነዚያ አንዱ ፊታውራሪ ገብርዬ ነው፤ የቁልምጫ ስሙም «ገብር» ከሚለው፣ አገልጋይ ማለት ከሆነው የግእዝ ቃል የወጣ ነው።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ስቅለት ነበር። ከቀትር በኋላ ከመቅደላ አጠገብ ካለው ከፋህላ አምባ ላይ ሲታይ፣ ንጉሡ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን ለማስፈታት የመጣውን የእንግሊዝ ጦር ጓዝ የጫኑ በቅሎዎች ጠባቂ የሌላቸው መስለው ሸለቆውን ይወጡ ነበር። ገብርዬ ፈረሱ ላይ ሆኖ ሠራዊቱን እየመራ አሮጌ ወደሚባለው ሜዳ ወረደ። በቅሎዎቹ ግን ጠባቂ ነበራቸው፤ በኋላው የሚጎርሰው የስናይደር ጠመንጃ፣ የተራራ መድፍና የባሕር ኃይል ሮኬት ይጠብቃቸው ነበር። ጦርና ጋሻ የያዘውም፣ በአፉ የሚጎርስ ነፍጥ የያዘውም ወገን ከመቅረቡ በፊት ረገፈ። በመሸ ጊዜ ከንጉሡ ወገን 700 ያህል ሞተው፣ 1,200 ያህል ቈስለው ነበር፤ ከእንግሊዝ ወገን የቈሰሉት 20 ያህል ሲሆኑ ከነሱ 2 ብቻ ሞቱ። ገብርዬ ከወደቁት መካከል ነበረ።

የገብርዬን ታማኝነት የሚያተልቀው በሰው ላይ የነበራቸው እምነት ተሟጦ ያለቀ ንጉሥ የቀረውን ሠራዊታቸውን ለእርሱ ማስረከባቸው ነው። ብዙዎቹን መኳንንት በሰንሰለት ያሰሩት እኒያ ንጉሥ፣ በዚያ ቀን ከአምባው ሳይወርዱ የመጨረሻ ዕድላቸውን በአንድ ሰው እጅ ሲጥሉ፣ ያን ሰው ታማኝ ያሰኘው ያ መታመን ነው እንጂ ቀድሞ የማለው መሐላ አይመስለኝም።

በፋሲካ ማግሥት፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ እንግሊዞች መቅደላን ሲያጠቁ ንጉሡ መሄድ የፈለገውን ሁሉ አስቀድመው አሰናብተው ነበር። ከመኳንንቱ አንዱ ራስ እንግዳ ሳይሄዱ ቀርተው በአምባው በር ላይ ወደቁ። ወልደ ጋብር የተባለው የንጉሡ የቅርብ አሽከርም ከጌታው ጋራ ነበር፤ ንጉሡ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በመጣላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ከመግደላቸው በፊት፣ ሸሽቶ ነፍሱን እንዲያድን ነግረው ከሎሌነት ግዴታው እንደፈቱት ይነገራል።