በጽሑፍ ያለ ለማን ይወረሳል?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን የአበው ብሂል በትምህርት ቤት ግድግዳም ሆነ በቤተ መጻሕፍት ደጃፍ ተጽፎ ያላየ ሰው ጥቂት ነው። ብሂሉ እውነት መሆኑን የሚጠራጠር ባይኖርም አንድ ነገር ሳይነግረን ያልፋል፤ ይኸውም ወራሹ ማን እንደ ሆነ ነው። ርስት ወራሽ ካጣ ጠፍ ይሆናል። ጽሑፍም አንባቢ የማይደርስበት ከሆነ በቃል ካለው ይልቅ ፈጥኖ ይረሳል። በቃል ያለውን ቢያንስ ሽማግሌ ይተርከዋል፤ በሣጥን የተቆለፈው ግን ተራኪ እንኳ የለውም።

ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ጉዳይ የአንድ የቀድሞ ፕሬዚዳንት የመንግሥት መዛግብት ለሕዝብ መከፈት ነው። ፕሬዚዳንቱ ሌተና ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ናቸው። ጉዳዩን የምንመለከተው ግን አዲስ አበባ ላይ ቆመን ሳይሆን ከአሶሳና ከመተከል ተነሥተን ነው። በዚያ ዘመን በወረቀት ላይ የሠፈረ ውሳኔ የምድሩንም የሰዉንም መልክ እንደዚህ አካባቢ የለወጠበት ስፍራ በአገራችን ጥቂት ነውና።

ምዕራባዊው ድንበር ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር የተገናኘው በጦርና በደብዳቤ ነበር። በ1890 ዓ.ም. ራስ መኰንን ወደ ቤኒ ሻንጉል ዘምተው አገሩን ለዳግማዊ ምኒልክ አስገበሩ። የአሶሳው ገዥ ሼህ ኾጀሌ አልሐሰንም አዲስ አበባ ውስጥ ታስረው ከቆዩ በኋላ ተፈትተው፣ በአገራቸው ላይ ተሾመው ለቤተ መንግሥቱ ግብር የሚያቀርቡ ባለሥልጣን ሆኑ። በመዲናይቱ ሸጎሌ የሚባለው ሠፈር እስከ ዛሬ ስማቸውን ይዞ ይኖራል። ግብሩ ወርቅ ነበር፤ ባሪያም ነበረበት። በነቀምቴ በደጃዝማች ኩምሳ ሞሮዳ ቤት ተጠብቀው የኖሩትን የዚያን ዘመን ደብዳቤዎች የታሪክ ምሁራኑ አሌሳንድሮ ትሪዩልዚና ተሰማ ታኣ አሰባስበው ለአንባቢ ስላቀረቡልን፣ የምዕራቡ ታሪክ በአፈ ታሪክ ብቻ ሳይሆን በሰነድም የሚነበብ ሆነ። ይሁን እንጂ በእነዚያ ደብዳቤዎች የሚነጋገሩት ገዥና ገዥ ናቸው። ወርቁን ከወንዝ አሸዋ አጥቦ ያወጣው የበርታ ሰው በደብዳቤው ውስጥ ቢገኝ እንደ ቁጥር ነው እንጂ እንደ ተናጋሪ አይደለም። ይህን ነገር በልባችን ይዘን ወደ ቅርቡ ዘመን እንሻገር።

ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሥልጣን ከያዘ በኋላ የመንግሥቱ ሥራ በወረቀት ላይ ወረቀት እየደረበ የሚሄድ ሆነ። ውሳኔው በቃለ ጉባኤ፣ ትእዛዙ በሰርኩላር፣ አፈጻጸሙ በሪፖርት ይመዘገብ ነበር። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በመስከረም 1980 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. አገር ለቀው ወደ ዚምባብዌ ሄዱ። ያ ሁሉ ወረቀት ግን አብሯቸው አልሄደም። ሰው ሸሸ፤ ፊርማው ቀረ።

ከዚያ ፊርማ መካከል ለአሶሳና ለመተከል ከሁሉ የከበደው ሠፈራን የሚመለከተው ነው። በአሶሳ አካባቢ ሠፈራ የተጀመረው ከታላቁ ድርቅ አስቀድሞ በ1970ዎቹ መባቻ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ሰሜኑን ባራቆተ ጊዜ ግን መንግሥት 300 ሺሕ ቤተሰብ፣ ማለትም 1.5 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ የማዛወር ዕቅድ አወጣ። እስከ 1978 ዓ.ም. አጋማሽ ድረስ ወደ 600 ሺሕ የሚጠጋ ሕዝብ ተጓጓዘ። በዚያን ጊዜ የወለጋ ክፍለ ሀገር አውራጃ የነበረችው አሶሳ ከወሎና ከሌላውም ስፍራ የመጡ ሠፋሪዎችን ተቀበለች። በጎጃም ክፍለ ሀገር በመተከል አውራጃ፣ በለስ ወንዝ ዳር፣ ፓዌ ላይ ከ80 ሺሕ በላይ ሰው ሠፈረ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ጎጆ እንዲሠሩ ዘመቱ። በኋላም የኢጣልያ መንግሥት በሰጠው ገንዘብ የጣና በለስ ፕሮጀክት ተቋቋመ፤ መንገድ፣ ሆስፒታልና የእርሻ መሣሪያ መጣ።

ይህ ምድር ግን ባዶ አልነበረም። የጉሙዝ ገበሬ መሬቱን እያሳረፈ ከስፍራ ስፍራ እየተዘዋወረ ያርስ፣ ያድን፣ ማር ይቆርጥ ነበር። ለዕቅድ አውጪው «ያልተነካ ለም መሬት» የመሰለው ለጉሙዙ በተራው የሚመለስበት ማሳ ነበር። እንግዲህ ጥያቄው ይኸው ነው፤ ሥፍራውን የመረጠው ማን ነው? ከመመረጡ በፊት የአገሩ ሰው ተጠይቆ ነበርን? ሠፋሪው «በፈቃዱ» መጣ ተብሎ ሲመዘገብ ፈቃዱ የተገለጸው እንዴት ነበር? ከወሎ ተነሥቶ አሶሳ እስኪደርስ በመንገድ ላይ ስንቱ ሞተ?

በመጨረሻው ጥያቄ ላይ በዚያው ዘመን ብርቱ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ማኅበር የፈረንሳይ ክፍል በሠፈራው ምክንያት የሞተው ሰው እስከ 100 ሺሕ ይደርሳል ብሎ ተናገረ፤ መንግሥት አስተባበለ፤ ማኅበሩም በኅዳር 1978 ዓ.ም. ከአገር ተባረረ። ሌሎች ያነሰ ግምት ሰጡ። አርባ ዓመት ሙሉ ግምት ከግምት ጋር ሲከራከር ኖረ። በየጣቢያው የተመዘገበው የሠፋሪ ስም ዝርዝር፣ የመኪናና የአውሮፕላን የጭነት ወረቀት፣ የክሊኒክ መዝገብና የወር ሪፖርት ጎን ለጎን ሆነው ቢነበቡ ግን ክርክሩ ከግምት ወጥቶ ወደ ቁጥር ይቀርብ ነበር።

በዚህ መካከል የተናገሩት ባለሥልጣናቱ ናቸው። የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ኃላፊ የነበሩት ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ ከአገር ወጥተው በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ጻፉ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም «ትግላችን»ን፣ ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ»ን አሳተሙ። መጻፋቸው ያስመሰግናል እንጂ አያስነቅፍም። ነገር ግን ትዝታ ጸሐፊው የመረጠውን ብቻ ያስታውሳል፤ መዝገብ ደግሞ ጸሐፊው ሊረሳው የሚወደውንም ይዞ ይቆያል። ትዝታው በየመጻሕፍት መደብሩ ሲሸጥ፣ መዝገቡ ግን በማውጫ ተደርድሮ ለማንኛውም አንባቢ በሥርዓት ሳይቀርብ መቆየቱ ሚዛኑን ያዛባል።

እርግጥ ነው፣ የዚያ መንግሥት ወረቀት ከነጭራሹ አልተነካም ማለት አይቻልም። በ1984 ዓ.ም. የተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ገጽ ሰነድ ሰብስቦ፣ የግድያ ትእዛዝ ከነፊርማውና ከነማኅተሙ ለፍርድ ቤት አቀረበ። ችሎቱ በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ተከፍቶ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌሉበት ጥፋተኛ ተባሉ። በጥር የዕድሜ ልክ እስራት፣ በግንቦት 2000 ዓ.ም. ደግሞ በይግባኝ የሞት ቅጣት ተፈረደባቸው። በታሪካችን አንድ መንግሥት በራሱ ወረቀት መስካሪነት የተፈረደበት ጊዜ ቢኖር ይህ ነው። ልጁ የት እንደ ወደቀ ሳያውቅ የኖረ ወላጅ የሞቱን እርግጥ ከዚያ ሰነድ አገኘ።

ነገር ግን ፍርድ ቤት የሚጠይቀው የፍርድ ቤትን ጥያቄ ነው። ማን አዘዘ? ማን ገደለ? ማን ተገደለ? የክሱ ዋና ፍሬ የፖለቲካ ተቃዋሚዎች ጭፍጨፋ ስለ ነበር፣ ሠፈራው የችሎቱ ዋና ጭብጥ አልሆነም። ስለዚህ ለፍርድ የተመረጠው ሰነድ ስለ አሶሳ ቢናገር እግረ መንገዱን ነው። ፍርድ ሲያልቅ መዝገብ ይዘጋል፤ ታሪክ ግን ሥራውን የሚጀምረው በዚያን ጊዜ ነው።

የሌላው ዓለም ልምድ በዚህ ረገድ የሚያስተምረን ነገር አለ። በአሜሪካ ፕሬዚዳንት ኒክሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ከሥልጣን እስኪወርዱ ድረስ፣ ፕሬዚዳንት ከቤተ መንግሥት ሲወጣ ወረቀቱን እንደ ግል ንብረቱ ይዞ ይወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ሕግ ግን የፕሬዚዳንት መዝገብ የሕዝብ ንብረት መሆኑን ደነገገ፤ ከሥልጣን ከወረደ ከአምስት ዓመት በኋላም ዜጋ ሁሉ እንዲያየው መጠየቅ እንዲችል አደረገ። በጀርመን ደግሞ የምሥራቁ መንግሥት የጸጥታ ፖሊስ ያከማቸው፣ ቢደረደር ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ፋይል እ.ኤ.አ. ከጥር 1992 ጀምሮ ለተሰለለው ዜጋ ተከፈተ። ሰው የገዛ ፋይሉን ያነብባል፤ የሌላው ምስኪን ስም ግን ይሸፈናል። መክፈትና መጠንቀቅ አብረው የሚሄዱ መሆናቸውን ይህ አሠራር ያሳያል።

በእኛም አገር ሕጉ ጨርሶ አልጎደለም። የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አዋጅ ቁጥር 179/1991 የመንግሥትን ሰነድ የሚሰበስብና የሚጠብቅ ተቋም አቁሟል። አዋጅ ቁጥር 590/2000ም ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ደንግጓል። ይሁን እንጂ መብት ያለ ማውጫ ዋጋው ትንሽ ነው። ምን እንዳለ የማያውቅ ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል? ከጉባ ወይም ከመንጌ ተነሥቶ አዲስ አበባ የሚመጣ ገበሬስ የትኛውን ደጅ ያንኳኳል?

እዚህ ላይ የሚነሣ ከባድ ተቃውሞ አለ፤ ቀላል አድርገን ልናልፈው አይገባም። መተከል የቅርብ ጊዜ ቁስል አለበት። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በኩጂ በተባለው ቀበሌ ከ100 በላይ ሰላማውያን ሰዎች ተገድለዋል። «ማን ቀድሞ መጣ፣ ማን በኋላ መጣ» የሚለው ነገር ደም በሚያፋስስበት ምድር የሠፈራ መዝገብ መክፈት በእሳት ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ አይሆንም ወይ? የሚል ሰው ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም።

ነገር ግን መዝገቡ ተዘግቶ በቆየባቸው ዓመታት እሳቱ አልጠፋም። ሰነድ በሌለበት ስፍራ ወሬ ሰነድ ይሆናል። የጉሙዙ ልጅ ሠፋሪው ወድዶና ፈቅዶ የአባቱን ማሳ ሊቀማ እንደ መጣ ይነገረዋል። የሠፋሪው ልጅ ደግሞ አባቱ የሠፈረው ባለቤት በሌለው ጫካ ላይ እንደ ነበር ይነገረዋል። ትእዛዙ ከነፊርማው ቢነበብ ግን፣ አንዱ ሳይጠየቅ የተወሰደበት፣ ሌላው ሳይጠየቅ የተወሰደ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሁለቱን የሚያጋጨው መሬት የተቆረሰው ሁለቱም ባልተቀመጡበት ጠረጴዛ ላይ ነበር። ይህን ማወቅ የሞተውን አያስነሣም፤ ቂም የተሳሳተ አድራሻ ይዞ እንዳይጓዝ ግን ያግዛል።

የሰነድ ኃይል ለዚህ አካባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። የአሜሪካ የመሬት ማልማት ቢሮ ዓባይን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1964 ባቀረበው ጽሑፍ በሱዳን ድንበር አጠገብ ለግድብ የሚሆን ስፍራ አመልክቶ ነበር። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በጉባ ወረዳ የመሠረት ድንጋዩ የተቀመጠውና በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የህዳሴ ግድብ የቆመው በዚያው አቅራቢያ ነው። ወንዝን የሚመለከት ወረቀት ከመደርደሪያ ወርዶ ግድብ ከሆነ፣ ሰውን የሚመለከተው ወረቀት በመደርደሪያ የሚቀርበት ምክንያት ምንድን ነው?

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው። አስቀድሞ የዚያ መንግሥት መዛግብት ማውጫ ይታተም፤ ምን እንዳለና የት እንዳለ ሕዝብ ይወቅ። ቀጥሎም አሶሳንና መተከልን የሚመለከተው ክፍል ቅጂው በአሶሳ ዩኒቨርሲቲና በፓዌ ይቀመጥ። በሕይወት ያለን ሰው ለጉዳት የሚያጋልጥ ስም ይሸፈን እንጂ፣ የባለሥልጣን ፊርማ አይሸፈን።

ከዚህ ሁሉ ጋር ግን ከነቀምቴዎቹ ደብዳቤዎች የተማርነውን አንርሳ። የመንግሥት ወረቀት የሚናገረው በመንግሥት አንደበት ነው። «ሠፋሪው በደስታ ተቀብሏል» ብሎ የጻፈ ካድሬ ደስታውን አይቶ ይሆናል፤ አለቃውን ፈርቶም ይሆናል። በበርታ፣ በጉሙዝ፣ በሺናሻ፣ በማኦና በኮሞ ቋንቋ የተነገረው እሮሮ በአማርኛው ሪፖርት ውስጥ የለም። ሰነዱ ተከፍቶ ሲነበብ፣ በአጠገቡ የአገሩ ሽማግሌና የሠፋሪው አሮጊት ተቀምጠው «እንዲህ ነበር፤ እንዲህስ አልነበረም» ሊሉ ይገባል።

ጊዜው ደግሞ አይጠብቅም። በ1977 ዓ.ም. 30 ዓመት የሞላው ሰው ዛሬ 70ን አልፏል። ሣጥኑ አሁን ቢከፈት፣ ወረቀቱን ሰምቶ የሚያርም ምስክር አለ። ከ20 ዓመት በኋላ ቢከፈት ግን ወረቀቱ ብቻውን ይናገራል፤ ያን ጊዜም እንደ ነቀምቴው ደብዳቤ የሚሰማው የላኪውና የተቀባዩ ድምፅ ብቻ ይሆናል።