ነሐሴ 1 ቀን 1990 ዓ.ም. በናይሮቢ ሐኪም ቤቶች

ማኅበራችን ኢዮቤልዩውን ሲያከብር ስለ ራሳችን ብቻ ጽፈን ብናልፍ የተቀበለችንን ከተማ መበደል ይሆንብናል። ስለዚህ በዚህ ገጽ ናይሮቢ በአንድ ቀን የደረሰባትን መከራና የጤና ሠራተኞቿ እንዴት እንደተጋገዙ እናስታውሳለን። ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ቦንቡ የፈነዳበት የአሜሪካን ኤምባሲ የነበረው በሞይ ጎዳናና በንጉሠ ነገሥታችን ስም በሚጠራው በኃይለ ሥላሴ ጎዳና መገናኛ ላይ ነው።

ዕለቱ ዓርብ ነበር፤ በፈረንጆች ኦገስት 7 ቀን 1998። የፍልሰታ ጾም የሚያዝበት ቀን በመሆኑ ብዙዎቻችን አንረሳውም። ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ መጀመሪያ አነስ ያለ ፍንዳታ ተሰማ። በአካባቢው ፎቆች የሚሠራው ሰው ምን መጣ ብሎ ወደ መስኮት ሮጠ። ዋናው ፍንዳታ የደረሰበት መስተዋት ፊት እንደቆመ ነው። የዓይን ጉዳት ያን ያህል የበዛው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ የሁለቱንም ዓይን ብርሃን ያጡ ብዙ ናቸው። ከኤምባሲው አጠገብ የነበረው ኡፉንዲ የተባለው ፎቅ ሙሉ በሙሉ ተደረመሰ። በናይሮቢ 213 ሰዎች ሞቱ፤ የቆሰሉት ከ4,000 በላይ ናቸው። በዚያው ዕለት በዳሬሰላምም እንዲሁ 11 ሰዎች ሞተዋል።

ለዚህ ሁሉ ሰው አምቡላንስ ከየት ይመጣል? ቁስለኛውን ያጓጓዙት ማታቱዎች፣ ታክሲዎችና የግል መኪናዎች ናቸው። ደግነቱ ትልቅ ነበር፤ ነገር ግን ችግርም አስከተለ። ሹፌሩ የቀረበውንና መራመድ የሚችለውን ጭኖ ስለሚበር፣ ቀድሞ ሐኪም ቤት የደረሰው ቁስሉ ቀላል የሆነው ሰው ሆነ። ክፉኛ የተጎዳውና መጮህ እንኳ ያቃተው ኋላ መጣ። ከሁሉም ብዙ ሰው የተቀበለው የኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታል ነበር። ከተማዋ ለዚህን ያህል አደጋ የተዘጋጀች እንዳልነበረች መሸፈን አይገባንም።

ታዲያ በዚያ ትርምስ ሰው ያተረፈው አንድ ጎበዝ ዶክተር አይደለም። አንድ ሰው መስተዋት ዓይኑ ውስጥ ገብቶ፣ ሆዱም ተወግቶ ሲመጣ ስንት እጅ እንደሚፈልግ እናስብ። በር ላይ ማን ይቅደም ብሎ የሚለይ ነርስ ወይም ክሊኒካል ኦፊሰር ያስፈልጋል፤ ክሊኒካል ኦፊሰር በእኛ አገር ጤና መኮንን ከምንለው ጋር የሚቀራረብ ሙያ ነው። ራጅ የሚያነሳ፣ ሰመመን የሚሰጥ፣ የዓይን ሐኪም፣ ቀዶ ሐኪም፣ አልጋ የሚገፋም ያስፈልጋል። የላቦራቶሪው ሰው የደም ዓይነቱን ካልለየ ቀዶ ሐኪሙ ቢላዋውን ይዞ ይቆማል። አልጋ የሚገፋውን ሰው የሚያመሰግነው ብዙም ስለሌለ እኛ እዚህ እናመሰግነዋለን።

ደም ለመስጠት ከተሰለፈው ሕዝብ መካከል እኛም ነበርን። ጾመኞች መሆናችንን የሰማች አንዲት ነርስ፣ ምንም ሳትቀምሱ ደም አልወስድም ብላ መለሰችን። ተከራከርናት፤ አልሰማችንም። በመጨረሻ ከመካከላችን አንድ አዛውንት፣ «ልጆቼ፣ ዛሬስ እግዚአብሔር ይፈታል» ብለው ሻይና ዳቦ አስመጡልን። ከሰዓቱ በፊት በልተን እንደገና ተሰለፍን። ያን ጊዜ በኬንያ እያንዳንዱ ሐኪም ቤት ደም የሚሰበስበው ለየራሱ ነበር። ብሔራዊ የደም አገልግሎት የተቋቋመው ከዚህ አደጋ በኋላ በ2000 እ.ኤ.አ. ነው።

ፍርስራሹን በማንሳት ከእስራኤል የመጡ ነፍስ አድን ወታደሮች ከኬንያውያን ጋር ቀንና ሌሊት ደክመዋል። ከዚያ ደግሞ የአእምሮ ሐኪሞችና አማካሪዎች «ኦፕሬሽን ሪከቨሪ» በሚባል ሥራ ተሰባስበው፣ ቁስሉ ድኖለት እንቅልፍ ያጣውን ሰው መርዳት ጀመሩ። ይህን መጀመሪያ ስንሰማ ወሬ ብቻ ምን ይፈይዳል ያልን ነበርን። በር በኃይል ሲዘጋ የሚደነግጡ ጎረቤቶቻችንን ካየን በኋላ ግን ዝም አልን።

ኤምባሲው የነበረበት ቦታ በ2001 እ.ኤ.አ. የመታሰቢያ መናፈሻ ሆኖ ተከፍቷል፤ የሟቾቹም ስም በግድግዳው ላይ ተጽፏል። ከመካከላችን የደም ዓይነታቸውን መጀመሪያ ያወቁት ያን ዓርብ የሆነ፣ ያችንም ካርድ እስከ ዛሬ በቦርሳቸው ይዘው የሚዞሩ አሉ።