ሰነድና ጎረቤት፦ የአንድ የካምባ ቤት የመሬት ወረቀቶች

መግቢያ

የሥነ ጽሑፍ ጥናታችን ዓይኑን የሚያሳርፈው በአብዛኛው በልብ ወለድ፣ በግጥምና በተውኔት ላይ ነው። የግብር ደረሰኝ፣ የይዞታ ደብተርና የፍርድ ቤት ውሳኔ በብዙ ሰው ኑሮ ላይ የሚወስኑ ጽሑፎች ሆነው ሳለ፣ እንደ ጽሑፍ የሚመረምራቸው ጥቂት ነው። የዚህ መጣጥፍ ዓላማ በጋሞ ዞን፣ በካምባ ወረዳ፣ በወላጆቼ ቤት በአንድ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ የተቀመጡትን ወረቀቶች መነሻ በማድረግ፣ የመሬት ሰነድ ከዘመን ወደ ዘመን ማንን በስሙ እየጠራ ማንን እየተወ እንደ መጣ ማሳየት ነው። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ያነበብኳቸው በምርምር ፍላጎት ተነሣሥቼ አልነበረም። በ2004 ዓ.ም. አባቴ ሲያርፍ ይዞታው በእናቴ ስም እንዲዞር ወደ መዝገብ ቤት መመላለስ ግድ ስለሆነብን ነው።

ከወንጌል ኅዳግ እስከ ግብር ደረሰኝ

በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የመሬት ጽሑፍ ረጅም ዕድሜ አለው። የነገሥታት የመሬት ስጦታ በአብያተ ክርስቲያናት የብራና ወንጌሎች ላይ ይመዘገብ ነበር፤ በጎንደር ዘመንም የመሬት ሽያጭ ሳይቀር የምስክሮች ስም እየተዘረዘረ በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ላይ ሰፍሯል። ስጦታውን የሚያፈርስ እንዲወገዝ የሚያዝ ቃል መጨመሩም የተለመደ ነበር። እንግዲህ ሰነዱን የሚያጸኑት ሦስት ነገሮች ነበሩ ለማለት ይቻላል፤ እነሱም ጽሑፉ፣ ምስክሩና ውግዘቱ ናቸው።

በጋሞ ደጋ ጽሑፉ ባይኖርም ሁለቱ ነበሩ። የድንበር ክርክር የሚታየው ሽማግሌዎች በሚቀመጡበት በዱቡሻ ሲሆን፣ ምስክሩ ጎረቤት ነው። የውግዘቱን ቦታ የያዘው ደግሞ ጎሜ ነው። እናቴ ድንበር መግፋት ጎሜ ነው ስትል፣ ገፊው በዳኛ ባይያዝ እንኳ ነገሩ በልጁ ወይም በከብቱ ላይ ይደርሳል ማለቷ ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አካባቢው በዐፄ ምኒልክ መንግሥት ሥር ሲገባ የገባር ሥርዓት ተከተለ። በደቡብ ቀላድ በተጣለበት አገር ሁሉ መሬት በጋሻ ይቆጠር ጀመር፤ አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 እና በ1937 ዓ.ም. የወጡት አዋጆች መሬትን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብለው በሦስት ደረጃ ከፍለው ግብር ወሰኑበት። ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ባሳተሙት “ዝክረ ነገር” የዚያን ዘመን የመሬት ሥርዓት ቃላት ሰብስበው ባያቆዩልን ኖሮ ዛሬ ብዙዎቹን ለመተርጎም እንቸገር ነበር።

ከሣጥኑ ወረቀቶች በዕድሜ የሚበልጠው የአያቴ የግብር ደረሰኝ ነው። መሬቱ የት እንደሚገኝና ከማን ጋር እንደሚዋሰን አንድም ቃል የለበትም። የከፋዩን ስም፣ የገንዘቡን ልክና ዓመቱን ብቻ ይናገራል። ይሁን እንጂ ተራ ወረቀት አልነበረም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1168፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ይዞ ለ15 ተከታታይ ዓመታት ግብሩን የከፈለ ሰው የንብረቱ ባለቤት እንዲሆን ደንግጓል። ይኸው ሕግ ከአንቀጽ 1553 ጀምሮ ስለ ማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ በዝርዝር ጽፎ ሳለ፣ በአንቀጽ 3363 ደግሞ ትእዛዝ በነጋሪት ጋዜጣ እስኪወጣ ድረስ ድንጋጌው ሥራ ላይ እንዳይውል አቆየው። ትእዛዙ ሳይወጣ ዘውዱ ወረደ። ስለዚህ ገበሬው መዝገብ በሌለበት አገር ደረሰኙን እንደ መዝገብ ቆጥሮ በሣጥን ማኖሩ የዋህነት አልነበረም።

ባለይዞታ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ፣ “ባለርስት” እና “ጭሰኛ” የሚሉት ቃላት ሕጋዊ ኃይላቸውን አጡ። ለአንድ ቤተሰብ የሚፈቀደው ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። አዋጁ መሬት ለማረስ ለሚፈቅድ ሁሉ ያለ ጾታ ልዩነት እንዲሰጥ ቢልም፣ የገበሬ ማኅበሩ መዝገብ ግን የሚጽፈው የቤተሰቡን ኃላፊ ነበር። በእኛ ሣጥን ውስጥ ካሉት የዚያ ዘመን ወረቀቶች በአንዱም ላይ የእናቴ ስም አይገኝም። እንሰቱን ተክላ፣ ኮትኩታ፣ ፍቃ ያበላችን እሷ ናት።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ካጸና በኋላ ገበሬው የሚጠራበት ቃል “ባለይዞታ” ሆነ። በ1990ዎቹ በትግራይ ተጀምሮ ወደ አማራ፣ ኦሮሚያና ደቡብ ክልሎች የተስፋፋው የይዞታ ምዝገባ ለዚህ ቃል ደብተር ሰጠው። በአማራና በደቡብ ክልሎች ደብተሩ የባልንም የሚስትንም ስምና ፎቶግራፍ እንዲይዝ መደረጉ ትልቅ ለውጥ ነበር። የእያንዳንዱ ማሳ አዋሳኞችም በአራቱም ማዕዘን በስም ይጻፋሉ፤ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሌ፣ በሰሜን መንገድ፣ በደቡብ ወንዝ እየተባለ። ዱቡሻ ላይ በቃል ይመሰክር የነበረው ጎረቤት በዚህ መንገድ ወደ ወረቀት ገባ።

አንዲት ሴት በሦስት አጻጻፍ

በጋሞኛ አየር ወደ ውስጥ እየተሳበ የሚነገር፣ በአማርኛ ፊደል የራሱ ምልክት የሌለው የ“ድ” ዓይነት ድምፅ አለ። የእናቴ ስም የሚጀምረው በዚህ ድምፅ ነው። የይዞታ ደብተሩ ስሟን በ“ደ” ቤት፣ የቀበሌ መታወቂያዋ በ“ጠ” ቤት ጽፎታል። የፍርድ ቤቱ የወራሽነት ማስረጃ ደግሞ በሁለቱም አልጻፈውም፤ ስሙን የሚመስል የአማርኛ ስም ነበር የሰፈረበት። የመዝገቡ ሠራተኛ ሦስቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግቶ፣ “እናቴ፣ እነዚህ ሦስት ሰዎች ናቸው ወይስ አንድ?” አላት። “ልጄ፣ እኔ ማንበብ አልችልም፤ ጎረቤቶቼን ጠይቃቸው” አለችው።

ሦስተኛውን አጻጻፍ ያመጣሁት እኔው ነበርኩ። ለፍርድ ቤቱ ማመልከቻውን ያዘጋጀሁት እኔ ስሆን፣ ለአማርኛ አንባቢ እንዲቀል ብዬ የእናቴን ስም አማርኛ አስመስዬ ጽፌዋለሁ። ፊደል አስተምሬ የማድር ሰው እናቴን ከገዛ ደብተሯ ለማስወጣት ምንም ያህል አልቀረኝም ነበር።

ነገሩን ለማቃናት በደብተሩ ላይ የተጠሩት አዋሳኞች እንዲመሰክሩ ተፈለገ። ከሦስቱ ሁለቱ ሞተው ነበር። የቀሩት ሽማግሌ ከሟቾቹ ልጆች ጋር መጥተው፣ በሦስት ዓይነት የተጻፈችው ሴት አንዲት መሆኗን፣ ድንበሯንም እንደሚያውቁ ተናገሩ። ደብተሩ በስሟ ተስተካከለ። እኔ በዚያ ይዞታ ድርሻ አልነበረኝም፤ በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1997 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 456 የቤተሰብ አባል የሚለው ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት እየኖረ መተዳደሪያውን የሚጋራውን ነው። ያ ሰው አብሯት የሚያርሰው ወንድሜ ነው። የእናቴ ስም ባይቃና ኖሮ የሚናወጠው የእሱም ኑሮ ነበር።

መደምደሚያ

በሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ ማሳው በካርታና በመለያ ቁጥር ይታወቃል። በከተማም የ2006 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 818 ተመሳሳይ መንገድ ከፍቷል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1324 የ456ቱን ቦታ ተክቷል። ካርታ ከገመድና ከግምት የተሻለ ልክ እንደሚሰጥ አያከራክርም። ሆኖም ካርታ የድንበሩን ቦታ እንጂ የሰውየውን ማንነት አይመሰክርም። ሰነዱ ከመጽናቱ በፊት ለሕዝብ ዕይታ የሚለጠፍበት ጊዜ ጎረቤት እንደገና የሚጠራበት የመጨረሻው ዱቡሻ ነው፤ ከዚያ መቅረት አይገባም።

ስለዚህ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ባለይዞታ የሆነ ሁሉ ወረቀቶቹን አዋሳኞቹ በሕይወት ሳሉ ያንብብ፤ ማንበብ የማይችል ያስነብብ፤ ስሙ በሁሉም ላይ በአንድ ዓይነት መጻፉንም ያረጋግጥ። ሁለተኛ፣ በአማርኛ ፊደል የሌሎች ቋንቋዎች ስሞች የሚጻፉበትን ደንብ ማጥናት የእኛ የቋንቋና ሥነ ጽሑፍ መምህራን ሥራ ነው። ሥራውን ለመዝገብ ጸሐፊዎች ብቻ ከተውነው፣ ነገም አንዲት እናት በሦስት አጻጻፍ ተከፋፍላ በመዝገብ ቤት ደጃፍ መቆሟ አይቀርም።