በጥላ ውስጥ የሚለሰልስ አጥንት፦ ከአንበሳ ደቦል እስከ ቤት እንቁራሪት



በተበላም ሆነ በሶዶ እንቁራሪት በክረምት ድምፅዋ የምትታወቅ እንጂ የቤት እንስሳ አይደለችም። በሌላው ዓለም ግን በመስታወት ሣጥን ውስጥ የሚያሳድጓት ብዙዎች ናቸው፤ ከሚያስጨንቃቸው ሕመም አንዱም የአጥንት መለስለስ ነው። የዚህ ሕመም ታሪክ ከእኛ ሕፃናት ታሪክ ጋር ስለሚገናኝ ሁለቱን አያይዤ አቀርባለሁ።

እንግሊዛዊው ሐኪም ፍራንሲስ ግሊሰን ስለ ሪኬትስ መጽሐፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1650 ነው። ምልክቱን በሚገባ ቢገልጽም፣ ትክክለኛው መንስኤ ከ200 ዓመት በላይ ተሰውሮ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1889 ጆን ብላንድ ሰተን በለንደን የእንስሳት ማቆያ የአንበሳ ደቦሎችን አጥንት የሚያጎብጠውን ደዌ መረመረ። ደቦሎቹ የሚመገቡት ቀይ ሥጋ ብቻ ነበር። ወተት፣ የተፈጨ አጥንትና የዓሣ ጉበት ዘይት እንዲጨመርላቸው አደረገ፤ በሦስት ወር ውስጥም ዳኑ። እ.ኤ.አ. በ1919 ኤድዋርድ ሜላንቢ በቡችሎች ላይ የምግብን ድርሻ ሲያሳይ፣ በዚያው ዓመት ኩርት ሁልድሺንስኪ በበርሊን ሕሙማን ሕፃናትን በአልትራቫዮሌት ጨረር ፈወሰ። እ.ኤ.አ. በ1922 ኤልመር ማኮለም በዓሣ ጉበት ዘይት ውስጥ ያለውን ፈዋሽ ንጥረ ነገር ለይቶ ቫይታሚን ዲ አለው። ምግብና ብርሃን ወደ አንድ ንጥረ ነገር የሚያደርሱ ሁለት መንገዶች መሆናቸውም ታወቀ።

እንቁራሪት አሳዳጊዎች ይህንኑ ትምህርት በራሳቸው ሣጥን ውስጥ ደገሙት። ለምግብነት የሚረቡት ነፍሳት ፎስፈረስ እንጂ ካልሲየም አይበዛባቸውም፤ መስታወቱም ጠቃሚውን ጨረር ያግዳል። ካልሲየም ያጣ ሰውነት ከገዛ አጥንቱ ይበደራል። ያን ጊዜ የታችኛው መንጋጋ ይለሰልሳል፣ ቅልጥም ይጎብጣል፣ አከርካሪ ይጣመማል፤ እንቁራሪቷ መዝለል ያቅታታል፣ ጣቶቿ ይንቀጠቀጣሉ፣ አጥንቷም በቀላሉ ይሰበራል። መፍትሔው ለነፍሳቱ ጥሩ መኖ መስጠት፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ያለበት ዱቄት መነስነስ፣ ተስማሚ የአልትራቫዮሌት መብራት ከመጠለያ ጥላ ጋር ማዘጋጀት ነው። የታመመችው እንዳትወድቅ ከፍታ ያለው ነገር ከሣጥኑ ይነሣል፤ ስብራቱን በራጅ የሚያረጋግጠው ግን የእንስሳት ሐኪም ነው። የጎበጠ አጥንት ሁልጊዜ ስለማይቃና ቀድሞ መለየቱ ይመረጣል።

ይህ ለእኛ ምናችን ነው? እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው መጽሔት የታተመ የአዲስ አበባ ጥናት፣ በሳንባ ምች ከታመሙ 500 ሕፃናት 210ሩ፣ ከበሽታው ነፃ ከሆኑ 500 ሕፃናት ግን 20ዎቹ ብቻ ሪኬትስ እንደነበረባቸው አሳይቷል። የለሰለሰ የጎድን አጥንት መተንፈስን ስለሚያውክ፣ ሪኬትስ የእግር መንጋደድ ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው።

ጥናቱ የተካሄደው ፀሐይ በማይጠፋበት አገር ነው። ሕፃን «ብርድ ይመታዋል፣ ዓይን ይበላዋል» ተብሎ ተጠቅልሎ እቤት ሲውል፣ ጋቢው በተግባር እንደ መስታወቱ ሣጥን ይሆናል። ታሪኩ የሚያስተምረን ፀሐይ መኖሯ ብቻ እንደማይበቃ ነው፤ ወደ ቆዳ መድረስ አለባት። ለእናቶች በጠዋት ፀሐይ ላይ የምንሰጠው ምክር ከዚህ ረጅም የምርምር መንገድ የተገኘ ነውና ሳንሰለች እንንገር።