የሰፈራችን መንገድ በማን ገንዘብ ተሠራ?

መዋጮ በተጠየቅን ቁጥር «መንገድና ቦይ የመንግሥት ሥራ አይደለም ወይ?» የሚል ጥያቄ ከመካከላችን ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በአዲስ አበባ የዚህ ሥራ ወጪ ከየት ሲመጣ እንደኖረ በአጭሩ ልናስታውስ ወደድን።

በ1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ከቤት፣ ከቦታና ከልዩ ልዩ ፈቃድ ገቢ እንዲሰበሰብ ፈቀደ። ገንዘቡ ግን ከዋና ዋናው ጎዳና አልፎ ወደ ውስጥ መንደር የሚገባው እምብዛም ነበር። ጎዳና ሲወጣ የቦታው ዋጋ ይንራል፤ ትርፉ ለባለ መሬቱ፣ ጭቃው ለተከራዩ ሆነ። ታዲያ ዕድሮች ከቀብር ሥራ አልፈው ለሰፈር መንገድ እስከ ማዋጣት የደረሱት በዚያው ዘመን ነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። የወር ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነውን ቤት ቀበሌው እያከራየ፣ ከሚሰበስበው ገንዘብ ርካሽ ቤት እንዲሠራና የነዋሪውን ኑሮ እንዲያሻሽል ታዘዘ። የድሃው ኪራይም እስከ ግማሽ ተቀነሰ። ከሰፈሩ የወጣ ገንዘብ ለሰፈሩ ይዋል መባሉ መልካም ሐሳብ ነበር። ዳሩ ግን ኪራዩ ለአሥርት ዓመታት ባለበት ሲቆም የቆርቆሮና የሲሚንቶ ዋጋ አልቆመም። በወር ጥቂት ብር ከሚከፈልበት የጭቃ ቤት ምን ተርፎ ነው ቦይ የሚቆፈረው? ጣሪያውን እንኳ አላዳነም። ተከራዩ በኪራይ ያተረፈውን በሚያፈስ ጣሪያና በሞላ መጸዳጃ መልሶ ከፈለ። ኪራዩ ይወደድ ነበር ማለታችን አይደለም፤ የሚከፍል አቅም አልነበረማ! ጉድለቱን መሙላት የነበረበት የመንግሥት ድጎማ ነው።

በ1986 ዓ.ም. የሊዝ አዋጅ ወጥቶ ከተማው ቦታን ለተወሰነ ዘመን በክፍያ መስጠት ጀመረ። ይሁንና ጨረታው ዛሬ ተደርጎ ያልፋል፣ ጥገናው ግን በየክረምቱ ይመጣል። በ2000ዎቹ ዓመታት የኮብልስቶን ንጣፍ ሲመጣም በብዙ ሰፈር ከከተማው ገንዘብ ላይ የነዋሪው መዋጮ ታከለበት። መዝገብ፣ ደረሰኝና ገንዘብ ያዥ ያለው ዕድር ነውና ነገሩ ዞሮ ዞሮ ወደኛ መጣ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ። በ1968 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ኪራይና የቤት ግብር አዋጅ የቤት ግብርን ያሰላው በቤቱ ዓመታዊ የኪራይ ግምት ነበር። መዋጮ በቤት ቁጥር እኩል ሲደለደል ግን ባለ ቪላውና የአንዲት ክፍል ተከራይዋ እናታችን እኩል ይከፍላሉ። በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ስለ ቦዩ ስንነጋገር በቅድሚያ ይህ ድልድል እንዲታይ እንጠይቃለን።