የማሳነስ ጥበብ፦ ዲፊውዘርስ የተባለው የሥዕል ማመንጫ ላይብረሪ ታሪክ

በጽሑፍ የተሰጠውን ትእዛዝ አንብቦ ሥዕል የሚያወጣ ፕሮግራም ዛሬ በየተማሪው ኮምፒዩተር ላይ ሲሠራ የሚያይ ሰው፣ ይህ ጥበብ ገና ትናንት በጥቂት ታላላቅ ኩባንያዎች ቅጥር ውስጥ ተዘግቶበት እንደ ነበረ፣ ከዚያም ወጥቶ ለሕዝብ እንዲዳረስ ዐቢይ ድርሻ የነበረው ማንም ሊያነበውና ሊያርመው የተፈቀደ ዲፊውዘርስ የሚባል የኮድ ላይብረሪ እንደ ሆነ አይገምት ይሆናል። እኔም በየጊዜው የተጨመሩለትን አዳዲስ ችሎታዎች አንድ በአንድ ስመረምር፣ አብዛኞቹ ወደ አንድ ዓላማ ያዘነበሉ ሆነው ስላገኘኋቸው ታሪኩን ለመጻፍ ተነሣሣሁ፤ ዓላማውም ብዙውን ማሳነስ፣ ከባዱን ማቅለል፣ ባለጠጋ ብቻ ይችለው የነበረውንም ድኻ እንዲችለው ማድረግ ነው።

የጥበቡ ሥር ከፊዚክስ የተገኘ ነው። በ2015 ዓ.ም. (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ጃሻ ሶል ዲክስታይንና ሦስት ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት፣ ሥርዓት ያለው ነገር ቀስ በቀስ ወደ ትርምስ የሚለወጥበትን የቴርሞዳይናሚክስ ትምህርት ተውሰው፣ በአንድ ሥዕል ላይ የዘፈቀደ ነጠብጣብ ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ መልኩ ፈጽሞ እስኪሰወር ድረስ ካጠፉት በኋላ፣ የጠፋበትን መንገድ ወደ ኋላ እንዲመለስበት ኮምፒዩተርን ማስተማር እንደሚቻል አሳዩ። ሐሳቡ ብዙ ተከታይ ሳያገኝ ጥቂት ዓመታት ቆየ፤ በ2020 ዓ.ም. ግን ጆናታን ሆ፣ አጄይ ጄይንና ፒተር አቢል የተባሉ የበርክሊ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚሁ መንገድ ጥራታቸው የሚያስደንቅ ሥዕሎች አወጡ። ነገር ግን አንድ ሥዕል ከትርምስ ወደ መልክ እስኪመለስ ድረስ ኮምፒዩተሩ 1,000 ጊዜ እየደጋገመ ማስላት ስለ ነበረበት፣ ሥራው እጅግ የዘገየ ነበር።

ከሸክሙ የመጀመሪያውን ያነሡለት በዚያው ዓመት የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ናቸው፤ ዲዲአይኤም በተባለው ስልታቸው 1,000ው እርምጃ ወደ 50 ያህል ወረደ። የሚበልጠውን ሸክም ያቀለሉት ግን በሙኒክ ሉድቪግ ማክሲሚሊያን ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ቢዮርን ኦመር ሥር የሚሠሩት እነ ሮቢን ሮምባኽና አንድሬያስ ብላትማን ነበሩ። በ2021 ዓ.ም. መጨረሻ ባወጡት ጥናት ስሌቱን ከግዙፉ ሥዕል ላይ አንሥተው ወደ ረቂቅ አምሳያው አዛወሩት፤ ቁመቱም ወርዱም 512 ነጥብ የሆነ ባለ ሦስት ቀለም ሥዕል 786,432 ቁጥሮች ሲኖሩት፣ በእነርሱ ዘዴ የተጨመቀው አምሳያ 16,384 ብቻ ስላሉት፣ ድካሙ ሁሉ የሚፈጸመው 48 ጊዜ ባነሰ ነገር ላይ ሆነ፤ ሥራው ሲያልቅም ዲኮደር የተባለው ክፍል ረቂቁን ወደ ግዙፍ መልሶ ለዓይን ይገልጠዋል። በእኔ አስተያየት ከዚህ በኋላ የመጣው አብዛኛው ነገር የዚህ አንድ ውሳኔ ልጅ ነው።

በ2022 ዓ.ም. ኤፕሪል ኦፕንኤአይ ዳሊ 2 የተባለውን፣ በሜይ ደግሞ ጉግል ኢማጀን የተባለውን የሥዕል ማመንጫ ሞዴል ባሳወቁ ጊዜ ዓለም በሥዕሎቹ ተደነቀ፤ ሞዴሎቹ ግን ለውጭ ሰው አልተሰጡም፤ የውጭው ሰው ማየት እንጂ መመርመር አልተፈቀደለትም። በ2016 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ሦስት ፈረንሳውያን የመሠረቱት ሀጊንግ ፌስ የተባለው ኩባንያ፣ ይኸውም መጀመሪያ ለወጣቶች መጫወቻ የሚሆን አነጋጋሪ ፕሮግራም ሲሠራ ቆይቶ በኋላ ትራንስፎርመርስ በተባለው የቋንቋ ሞዴሎች ላይብረሪ ስሙ የገነነው፣ በ2022 ዓ.ም. በጁላይ ወር እነ ፓትሪክ ፎን ፕላተንና ሱራጅ ፓቲል የጻፉትን ዲፊውዘርስን አፓቺ 2.0 በተባለው ፈቃድ አወጣ፤ ፈቃዱም ማንኛውም ሰው ኮዱን እንዲያነብ፣ እንዲለውጥ፣ እንዲያከፋፍል፣ ለንግድም እንዲገለገልበት መብት የሚሰጥ ነው። ከአንድ ወር ገደማ በኋላ፣ ኦገስት 22 ቀን፣ ከሙኒኮቹ ጥናት የተወለደው ስቴብል ዲፊውዥን ስታቢሊቲ ኤአይና ራንዌይ በተባሉ ኩባንያዎች ተባባሪነት ለሕዝብ ሲለቀቅ፣ ላይብረሪው ተሰናድቶ ይጠብቀው ስለ ነበር፣ ጥቂት መሥመር ኮድ መጻፍ የቻለ ሁሉ ሞዴሉን በገዛ መሣሪያው አንቀሳቀሰው።

ላይብረሪው ሥራውን በሦስት ይከፍላል፤ አንደኛው የተማረው ሞዴል ነው፤ ሁለተኛው ትርምሱ በስንት እርምጃና በምን መጠን እንደሚቀነስ የሚወስነው ስኬጁለር ነው፤ ሦስተኛው እነዚህን አያይዞ ከትእዛዙ እስከ ሥዕሉ የሚያደርሰው ፓይፕላይን ነው። ስለዚህ አዲስ የስሌት ስልት ያገኘ ሰው ሞዴሉን ሳይነካ ስኬጁለሩን ብቻ ይለውጣል። ከዚህ ይልቅ ልቤን የሚነካው ግን ጸሐፊዎቹ ስለ አጻጻፍ የደነገጉት ሕግ ነው። የፕሮግራም ጠበብት ዘወትር እንደሚያደርጉት የጋራውን ኮድ ሁሉ በአንድ ስውር ስፍራ ከማከማቸት ይልቅ፣ አንባቢ አንዱን ፋይል ከላይ እስከ ታች አንብቦ ነገሩን በሙሉ እንዲረዳው ሲሉ ድግግሞሽን መረጡ፤ የተገለበጠው ክፍል በራስጌው ከየት እንደ ተገለበጠ ይጻፍበታል፣ ከምንጩ ጋር መስማማቱንም የሚመረምር ፕሮግራም አለ፤ ቁም ጸሐፊው ከአብነቱ የገለበጠውን ብራና ሊቁ ተቀምጦ ቃል በቃል እንደሚያመሳክረው ማለት ነው። ኮድን ለኮምፒዩተር ብቻ ሳይሆን ለሚማር ሰው መጻፍ ትሕትናን ይጠይቃል፤ እነዚህም ሰዎች ትሕትናው ነበራቸው።

ከዚህ በኋላ ማሳነሱ በየአቅጣጫው ቀጠለ። የእርምጃው ቁጥር፣ የቤጂንጉ ቺንኋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ዲፒኤም ሶልቨር ከ50 ወደ 20 ገደማ፣ በ2023 ዓ.ም. ኦክቶበር ደግሞ ከዚያው ዩኒቨርሲቲ በወጣ ሌላ ስልት ወደ 4 ዝቅ አለ። ሚሞሪውን በሚመለከት፣ ስቴብል ዲፊውዥን ሲለቀቅ 10 ጊጋባይት ያህል ያለው ግራፊክስ ካርድ ይፈልግ የነበረ ሲሆን፣ ላይብረሪው አቴንሽን የሚባለውን ስሌት ቁራጭ በቁራጭ እንዲሠራ፣ ቁጥሮቹም በግማሽ ርዝመት እንዲጻፉ በማድረጉ ከ4 ጊጋባይት በታች በሆነ ካርድ መሥራት ተቻለ፤ ለጊዜው የማያስፈልገውን ክፍል ወደ ኮምፒዩተሩ ተራ ሚሞሪ አሳልፎ ተራው ሲደርስ የሚመልስ ዘዴም ተጨመረ። ዋጋው ጊዜ ነው፤ ሥራው ይዘገያል። ነገር ግን ዘግይቶ የሚሠራ መሣሪያ ከቶ ከማይሠራው ይሻላል፤ ይህንም የሚያውቀው ገንዘብ የሌለው ሰው ነው።

ሦስተኛው ማሳነስ በማስተማር ላይ የተደረገው ነው። ግዙፉን ሞዴል እንደ ገና ማስተማር ብዙ ንዋይ ይጠይቃል፤ ሎራ የተባለውና በ2021 ዓ.ም. የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች ለቋንቋ ሞዴል ያወጡት ስልት ግን የሞዴሉን ቁጥሮች እንዳሉ ትቶ በጎናቸው ጥቂት አዳዲስ ቁጥሮችን ብቻ የሚያስተምር ነው። ዲፊውዘርስ ይህን ለሥዕል ሲቀበለው፣ ሞዴሉ ጊጋባይቶች የሚመዝን ሳለ፣ አንድ ሠዓሊ የራሱን አሣሣል ያስተማረበት ፋይል ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ሆነ። በ2023 ዓ.ም. መጀመሪያም ከስታንፎርድ የወጣው ኮንትሮልኔት፣ ቃል ብቻ ሊገልጠው ያልቻለውን የአካል አቋምና የሕንፃ መሥመር በንድፍ ለማዘዝ አስቻለ።

ይህ ሁሉ ሲመሰገን ሊሰወር የማይገባው ነገር አለ። ስቴብል ዲፊውዥን የተማረባቸው ሥዕሎች የተመረጡት 5.85 ቢሊዮን የሥዕልና የጽሑፍ ጥንዶች ከዘረዘረው ላዮን 5ቢ ከተባለው መዝገብ ሲሆን፣ የሥዕሎቹ ባለቤቶች ፈቃድ አልተጠየቁም፤ በ2023 ዓ.ም. ጃንዋሪ ሦስት አሜሪካውያን ሠዓልያን በካሊፎርኒያ ክስ አቀረቡ። የኮዱ ክፍትነት ይህን በደል አያስተሰርየውም። ዕድሜውን በብሩሽ ላይ ያሳለፈ ሰው እጁ የሚለይበትን አሣሣል ማሽን ሲያወጣው ሲያይ የሚሰማውን ኀዘን ቀላል አድርጎ ማየት አይገባም።

በ2024 ዓ.ም. ኦገስት እነ ሮምባኽ በጀርመን ፍራይቡርግ ባቋቋሙት ብላክ ፎረስት ላብስ በኩል ፍለክስ የተባለውን ሞዴል ሲያወጡ፣ ሞዴሉ 12 ቢሊዮን ቁጥሮች ስለ ነበሩት፣ በ16 ቢት ሲጻፍ ብቻውን 24 ጊጋባይት የሚፈጅ ሆነና፣ ጥበቡ ወደ ባለጠጎቹ ቅጥር ሊመለስ ነው ተብሎ ተፈራ። ላይብረሪው በዚያው ዓመት የጨመረው ኳንታይዜሽን የተባለው ችሎታ ግን እያንዳንዱን ቁጥር በ4 ቢት ስለሚጽፍ፣ 24ቱ ጊጋባይት ወደ 6 ገደማ ወረደ። በ2025 ዓ.ም. ደግሞ ፓይፕላይኑ ራሱ እየተፈታ ሊገጣጠም የሚችል ሆኖ በየክፍሉ መዘጋጀት ጀመረ።

የአማርኛ ተናጋሪ ግን ሌላ ደጅ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። የመጀመሪያው ስቴብል ዲፊውዥን ትእዛዙን የሚያነብበት ክሊፕ የተባለው ክፍል በእንግሊዝኛ የሠለጠነና ከ77 ቶከን (ትእዛዙ ለመነበብ የሚከፋፈልበት ቁራጭ) በላይ የማይቀበል ሲሆን፣ አንዱ የግዕዝ ፊደል በኮምፒዩተር አጻጻፍ ሦስት ባይት ስለሚፈጅ እስከ ሦስት ቶከን ሊወስድ ይችላልና፣ አጭር የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ቦታውን ሞልቶ ትርጉሙ ግን ሳይነበብ ይቀራል። ጃፓኖች ይህ ባጋጠማቸው ጊዜ ሪና የተባለው ኩባንያ የሥዕሉን ክፍል እንዳለ አቁሞ አዲስ የጃፓንኛ አንባቢ ክፍል ካስተማረ በኋላ ሁለቱን አንድ ላይ አሠለጠናቸው፤ ለዚህም የጃፓንኛ መግለጫ ያላቸው 100 ሚሊዮን ያህል ሥዕሎች አስፈልገውታል። በ2022 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ዲፊውዘርስ የገባው የቤጂንጉ አልትዲፊውዥን ደግሞ አንባቢው የተሠራው ኤክስኤልኤም አር በተባለው የቋንቋ ሞዴል ላይ ነው፤ ይህም ሞዴል ከተማራቸው 100 ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው፤ ይሁን እንጂ ያን ጊዜ ከሥዕል ጋር የተዛመዱት ዘጠኝ ቋንቋዎች ብቻ ስለ ነበሩ አማርኛ ከእነርሱ ውስጥ አልተቈጠረም። ላይብረሪው አንባቢውን ክፍል አውጥቶ በሌላ መተካትን፣ ሌላ አንባቢ ያዘጋጀውንም ቁጥር በቀጥታ ለሞዴሉ ማቀበልን ይፈቅዳል፤ ለአማርኛ የሚጎድለው መግለጫቸው በቋንቋው የተጻፈላቸው፣ የባለቤቶቻቸውም ፈቃድ የተገኘላቸው ሥዕሎች ክምችት ነው።