ባዜቃ (ሜርኩሪ) እና ወርቅ በሚወጣበት አካባቢ የሚኖሩ ቤተሰቦች ጤና

በጉጂ፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ በጋምቤላና በትግራይ ብዙ ቤተሰቦች በባህላዊ መንገድ ወርቅ በማውጣት ይተዳደራሉ። ወርቁን ከአሸዋው ለመለየት ባዜቃ የሚጠቀሙ አሉ። ባዜቃው ከወርቁ ጋር ይዋሃዳል፤ ውህዱ በእሳት ሲሞቅ ባዜቃው ይተንና ወርቁ ይቀራል። ትነቱ ቀለምም ሽታም ስለሌለው ሳያውቁት ሊተነፍሱት ይችላሉ።

ወደ ሰውነት እንዴት ይገባል?

ዋናው መንገድ ሳንባ ነው። ከተተነፈሰው የባዜቃ ትነት 80 በመቶ ያህሉ ወደ ደም ይገባል። ውህዱ ቤት ውስጥ ከተቃጠለ ባዜቃው በግድግዳ፣ በወለልና በልብስ ላይ ይቀራል፤ ከሥራው በኋላም ቤተሰቡን ይጎዳል። ወደ ወንዝ የተደፋው ደግሞ ሜቲል ሜርኩሪ ወደሚባል መርዝ ተቀይሮ በዓሣ ውስጥ ይከማቻል። ዓሣውን መቀቀል ወይም መጥበስ መርዙን አያስወግድም።

ይበልጥ የሚጎዱት እነማን ናቸው?

ነፍሰ ጡር እናቶችና ሕፃናት ናቸው። ባዜቃ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ጽንሱ ያልፋል፤ በማደግ ላይ ያለን አንጎልም ይጎዳል።

ምልክቶቹ

• የእጅ መንቀጥቀጥ
• እንቅልፍ ማጣት፣ ብስጭት፣ የመርሳት ችግር
• የድድ ማበጥና መድማት
• የእጅና የእግር መደንዘዝ
• የኩላሊት ጉዳት ከደረሰ የሰውነት ማበጥ

እነዚህ ምልክቶች በሌሎች ሕመሞችም ይታያሉ። ስለዚህ ሐኪምዎ ባይጠይቅዎትም እርስዎ ወይም የቤተሰብዎ አባል ወርቅ እንደሚያወጡ ይንገሩ። ባዜቃ በሰውነት ውስጥ መኖሩ በሽንትና በደም ምርመራ ይታወቃል። የሕክምናው የመጀመሪያ እርምጃ ከባዜቃው መራቅ ነው፤ እንደ ጉዳቱ መጠን ሐኪም መርዙን ከሰውነት የሚያስወጣ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። ወተት መጠጣት የተተነፈሰን ባዜቃ አያወጣም።

ሥራውን መተው ካልቻሉ

• ውህዱን በቤት፣ በማድ ቤት ወይም ሕፃናት ባሉበት ፈጽሞ አያቃጥሉ።
• ትነቱን መልሶ የሚያጠራቅም ዝግ ማቃጠያ (ሪቶርት) ይጠቀሙ። በአፍና በአፍንጫ ላይ የሚታሰር ጨርቅ ትነቱን አያግድም።
• ለማቃጠያ የተጠቀሙበትን ዕቃ ለምግብ አይጠቀሙ።
• የሥራ ልብስዎን ቤት ሳይገቡ ያውልቁ፤ ለብቻው ይጠቡ።
• የፈሰሰ ባዜቃን በመጥረጊያ አይጥረጉ፤ ይበልጥ ይበታተናል። ሕፃናትን አርቀው በወፍራም ወረቀት ሰብስበው ክዳን ባለው ዕቃ ያስቀምጡ።
• እርጉዝ ከሆኑ ወይም የሚያጠቡ ከሆነ ከባዜቃ ሥራ ይራቁ።

በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ

ውህድ ከተቃጠለ በኋላ ባሉት ሰዓታት ሳል፣ የደረት መጨነቅ፣ ትንፋሽ ማጠር ወይም ትኩሳት ከጀመረዎት እስኪነጋ አይጠብቁ። አብረዎት የነበሩ ሰዎችም፣ በተለይም ሕፃናት፣ መታየት አለባቸው።